ኃይል ያነሰው መኪና ሁሉ ፖምፓ አንሶታል ማለት አይደለም

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በአንድ መካኒክ አባል የቀረበ ንግግር)

የዛሬው አጀንዳ ብዙ እንደ ሆነ አውቃለሁ። የሒሳብ ሪፖርቱ አለ፣ የድንኳኑ ጉዳይ አለ፣ የውዝፍ ከፋዮች ነገርም አለ። ቢሆንም ኮሚቴው ስለ ሙያዬ ጥቂት እንድናገር ጊዜ ስለ ሰጠኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

እንደሚታወቀው ከእኛ አባላት መካከል ኑሮው በጎማ ላይ የቆመ ብዙ ነው። ሾፌር አለ፣ ረዳት አለ፣ መካኒክ አለ። ከወንድምና ከአማች ጋር ገንዘብ አዋጥቶ፣ የቀረውን ከባንክ ተበድሮ የጭነት መኪና የገዛም አለ። ባለቤቷ የጅቡቲን መንገድ ሲመላለስ ቤት ሆና ስልክ የምትጠብቅ እናትም አለች። ስለዚህ ዛሬ የማነሣው ነገር የመካኒክ ወሬ ብቻ ነው ብላችሁ እንዳትሰለቹብኝ። የቤተሰብ ገንዘብና የሰው ሕይወት ያለበት ነገር ነው።

ከአባላት ደጋግሞ የሚቀርብልኝ ጥያቄ ይህ ነው፤ «መኪናው ጉልበት አነሰው፣ ዳገት ላይ ይደክማል። ሁለተኛ የናፍታ ፖምፓ ብናስገባለትስ?» ፖምፓ የሚሸጠውም፣ የሚገጥመውም፣ መንገድ ላይ ያገኙት ሾፌርም «ጨምርበት» ይላል። የእኔ መልስ ግን በአጭሩ እንዲህ ነው። ሁለት ፖምፓ በእውነት የሚያስፈልገው መኪና አለ። የሚበዛው ግን አያስፈልገውም። ሁለቱን የሚለየው ደግሞ የሰው አፍ ሳይሆን ጌጅ ነው። ይህንን አንድ በአንድ ላስረዳ።

1. ናፍታ የሚሄድበት መንገድ

ናፍታው ያለው በሰልባትዮው ውስጥ ነው። ከዚያ በቱቦ ተስቦ በመጀመሪያው ፊልትሮ ያልፋል። ውኃ የሚለየውም ብዙውን ጊዜ እዚያው ነው። ናፍታውን ከሰልባትዮ ስቦ የሚያመጣው መጋቢ ፖምፓ ይባላል። የመጋቢው ሥራ ናፍታን በብዛት ማቅረብ ነው እንጂ ታላቅ ግፊት መፍጠር አይደለም። ከዚያ በሁለተኛው ፊልትሮ በኩል ወደ ኢንጄክሽን ፖምፓው ይሄዳል። ኢንጄክሽን ፖምፓው ደግሞ ጥቂቱን ናፍታ በከባድ ግፊት ወደ ኖዝሎቹ ይልከዋል። የተረፈው ናፍታ በመመለሻ ቱቦ ወደ ሰልባትዮ ይመለሳል።

እንግዲህ ልብ አድርጉ። የናፍታ መኪና ከመሠረቱ ሁለት ዓይነት ፖምፓ አለው። አንዱ የሚያቀርብ፣ ሌላው የሚገፋ ነው። «ፖምፓ እንጨምር» የሚል ሰው መጀመሪያ የትኛውን እንደ ሆነ መናገር አለበት። ብዙ ሰው ይህንን ሳይለይ ነው ገበያ የሚወጣው።

የምናውቀውን ምሳሌ ልስጣችሁ። በሠፈራችን ውኃ ሲጠፋ አንዳንዱ ቤት ከመስመሩ የሚስብ ፖምፓ አስገብቷል። በመስመሩ ውስጥ ውኃ ካለ ፖምፓው ወደ ሮቶው ያወጣዋል። መስመሩ ደረቅ ከሆነ ግን ሁለትም ሦስትም ፖምፓ ቢደረደር ውኃ አይመጣም። ፖምፓው ባዶውን ዞሮ ዞሮ ይቃጠላል። መኪናም እንደዚሁ ነው። መንገዱ ከተዘጋ ፖምፓ መጨመር የሚቃጠለውን ዕቃ ቁጥር ከማብዛት በቀር ጥቅም የለውም።

2. መኪናው ስንት ናፍታ ይፈልጋል?

ይህ በግምት የሚነገር ነገር አይደለም፤ ሒሳብ አለው። ደህና የናፍታ ሞተር ፔዳሉ እስከ መጨረሻ ተረግጦ በሙሉ ጭነት ሲሠራ ለአንድ የፈረስ ጉልበት በሰዓት 0.19 ሊትር ገደማ ናፍታ ያቃጥላል። ሁላችንም የምናውቀውን ባለ 371 ፈረስ ጉልበት ሲኖትራክ እንውሰድ። 371ን በ0.19 ብናበዛው 70 ሊትር ገደማ ይመጣል። ይህ በሰዓት የሚያቃጥለው ከፍተኛው መጠን ነው። ሜዳ ላይ ወይም ቁልቁለት ላይ ይህን ያህል አይበላም።

መጋቢው ፖምፓ ግን 70 ሊትር ብቻ አቅርቦ መቅረት የለበትም። ኢንጄክሽን ፖምፓውን የሚያለሰልሰውም የሚያቀዘቅዘውም ራሱ ናፍታው ስለ ሆነ ትርፍ ናፍታ አልፎት መመለስ ይኖርበታል። ስለዚህ መጋቢው ከሚቃጠለው እጥፍ እስከ ሦስት እጥፍ ቢያቀርብ ይመረጣል። ለዚህ መኪና በሰዓት ከ140 እስከ 210 ሊትር ማለት ነው።

ፖምፓ ስትገዙ በካርቶኑ ላይ ትልቅ ቁጥር ተጽፎ ታያላችሁ። ያ ቁጥር ብዙውን ጊዜ ፖምፓው ምንም ሳይገታው በነጻ ሲያፈስ የሚለካ ነው። ግፊት ሲገጥመው መጠኑ ይቀንሳል። ስለዚህ «በሰዓት ስንት ሊትር ይሰጣል?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም። «በስንት ባር ግፊት ላይ ነው ይህን የሚሰጠው?» ማለት ያስፈልጋል። ሻጩ ይህን የማይመልስ ከሆነ ወደ ሌላ ሱቅ መሄድ ነው።

ዋናው ነጥብ እዚህ ላይ ነው። ይህ ሒሳብ መኪናው ከፋብሪካ ሳይወጣ ተሠርቶለታል። አምና በአንድ መጋቢ ፖምፓ 400 ኩንታል ይዞ የወጣ መኪና ዘንድሮ ያቃተው ሁለተኛ ፖምፓ ስለ ጎደለው አይደለም። አምና የነበረ አንድ ነገር ዘንድሮ ስለ ተበላሸ ነው። ያንን ነገር ሳያገኙ ሌላ ፖምፓ መደረብ በሽታውን ሸፍኖ ማሳደር ነው።

3. ከመግዛት በፊት መለካት

ታዲያ የተበላሸውን እንዴት እናገኛለን? ከርካሹ ወደ ውዱ እየሄድን ነው።

በመጀመሪያ የሰልባትዮው ክዳን። ናፍታ ሲቀንስ በምትኩ አየር መግባት አለበት። የአየር መግቢያው በአቧራ ከተደፈነ ሰልባትዮው ውስጥ ባዶነት ይፈጠርና ናፍታው አልመጣም ይላል። መኪናው ሲደክም ቆማችሁ ክዳኑን ክፈቱት። አየር ሲስብ «ሽው» የሚል ድምፅ ከተሰማና መኪናው ከዚያ በኋላ ደህና ከሄደ በሽታው ተገኘ ማለት ነው። መድኃኒቱም ክዳኑን ማጽዳት ወይም መለወጥ ነው።

ሁለተኛ ፊልትሮዎቹ። የተለወጡበትን ቀንና ኪሎ ሜትር የሚጽፍ ሾፌር ስንት ነው? ፊልትሮ ውስጥ ውኃ ወይም ጥቁር ዝቃጭ ከተገኘ ሰልባትዮው ራሱ መታጠብ አለበት። በሰልባትዮው ውስጥ ያለው መሳቢያ ወንፊትም አብሮ ይታያል።

ሦስተኛ አየር። ከሰልባትዮ እስከ መጋቢው ባለው ቱቦ ላይ ትንሽ ስንጥቅ ወይም የላላ ማሰሪያ ካለ ናፍታ ላያፈስ ይችላል፤ አየር ግን ይስባል። ለጊዜው ከመጋቢው በፊት ጥቂት ሳንቲ ሜትር የሚያሳይ ቱቦ አስገብቶ አረፋ መኖሩን ማየት ነው። ጠዋት ሞተሩ አልነሣ እያለ ሞተሪኖውን የሚያስጨንቅ መኪና ብዙውን ጊዜ በሽታው ይህ ነው።

አራተኛ ጌጅ። ሁለት ጌጅ ይበቃል። አንዱ ከመጋቢው በፊት ምን ያህል በጭንቅ እንደሚስብ የሚያሳይ የመሳብ ጌጅ ነው። ሁለተኛው ከመጨረሻው ፊልትሮ በኋላ፣ ኢንጄክሽን ፖምፓው ከመድረሱ በፊት የሚገባ የግፊት ጌጅ ነው። ጋራዥ ውስጥ ቆሞ ማየት ብቻ አይበቃም። መኪናው ተጭኖ ዳገት ሲወጣ ነው የሚነበበው። ንባቡም እንዲህ ይተረጎማል፤

ግፊቱ ወርዶ የመሳብ ጌጁ ከፍ ካለ ችግሩ ከመጋቢው በፊት ነው። ቱቦ፣ ወንፊት፣ ክዳን ወይም የመጀመሪያው ፊልትሮ ተዘግቷል ማለት ነው።

ግፊቱ ወርዶ የመሳብ ጌጁም ዝቅ ካለ፣ አየርም ካልገባ፣ መጋቢው ፖምፓ ራሱ ደክሟል። መለወጥ ነው።

ከመጨረሻው ፊልትሮ በፊት ግፊት ኖሮ ከፊልትሮው በኋላ ከጠፋ ፊልትሮው ነው።

ግፊቱ በመኪናው መጽሐፍ ላይ እንደ ተጻፈው ሆኖ መኪናው አሁንም ከደከመ፣ መጋቢው ነጻ ወጣ። ወደ አየሩ፣ ወደ ተርቦው፣ ወደ ኖዝሎቹና ወደ ኢንጄክሽን ፖምፓው መሄድ ነው። የኢንጄክሽን ፖምፓ ሥራ ደግሞ የፖምፒስታ ነው እንጂ በየመንገዱ ዳር የሚፈታ አይደለም።

መጋቢው የኤሌክትሪክ ከሆነ አንድ ተጨማሪ ቀላል ፈተና አለ። ሞተሩ ጠፍቶ መውጫ ቱቦውን ወደ ንጹሕ ጀሪካን አድርጎ አንድ ደቂቃ ማስፈሰስ ነው። በደቂቃ 3 ሊትር ከሰጠ በሰዓት 180 ሊትር ነው። ይህንን ሲያደርጉ ሲጋራ የያዘ ሰው አይቅረብ።

4. የእኛ አገር ዳገት

እዚህ ላይ የአገራችንን መልክዐ ምድር መርሳት የለብንም። ጅቡቲ ባሕር ዳርቻ ናት። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በደሴ በኩል የሚመጣው ደግሞ ጣርማበር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው።

ይህ ሁለት ነገር ያስከትላል። አንደኛ፣ ሞተሩ የሚያገኘው አየር ይቀንሳል። ተርቦው በከፊል ይክሰዋል እንጂ ሁሉንም አይክሰውም። ናፍታ የሚቃጠለው በአየር ነውና አየር ባነሰበት ቦታ ናፍታ ቢጨመር ትርፉ ጥቁር ጭስ፣ የጋለ ሞተርና ባዶ ኪስ ነው። መኪናው ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ እያወጣ የሚደክም ከሆነ ናፍታ አልጎደለውም። የጎደለው አየር ነው። የአየር ፊልትሮውን፣ የተርቦውን ቱቦዎችና ማሰሪያዎቻቸውን እዩ። ናፍታ የጎደለው መኪና ግን ጭስ ሳያበዛ ነው የሚሞተው።

ሁለተኛ፣ ፖምፓ «ይስባል» እንላለን እንጂ ናፍታውን ወደ እሱ የሚገፋው በሰልባትዮው ላይ የሚያርፈው የአየር ክብደት ነው። ከፍታ ላይ ያ ክብደት ስለሚቀንስ ታች አፋር ላይ ችግር ያላሳየ ግማሽ የተዘጋ ፊልትሮ ላይ ደጋ ላይ ይጋለጣል። «ሚሌ ላይ ደህና ነበር፣ ጣርማበር ላይ ሞተብኝ» የሚለው ሾፌር እውነቱን ነው። ሆኖም መልሱ ሁለተኛ ፖምፓ ከመሆኑ በፊት ፊልትሮ ነው።

5. ከአሜሪካኖች የተገኘ ትምህርት

ሁለት ፖምፓ መግጠምን በሰፊው ያለማመዱት አሜሪካኖች ናቸው። እነሱ ዘንድ ባለ ናፍታ ፒክ አፕ ገዝቶ ጉልበቱን ከፋብሪካው በላይ ማሳደግ፣ ከባድ ነገር በማስጎተት መወዳደርም የተለመደ ነው። ከእነሱ ታሪክ ለእኛ የሚጠቅም ነገር አለ።

ዶጅ ራም ይባል የነበረው ፒክ አፕ 5.9 ሊትር ከሚንስ ሞተር ነበረው። ከእ.ኤ.አ. 1998 አጋማሽ እስከ 2002 በተሠሩት ላይ የነበረው ኢንጄክሽን ፖምፓ የቦሽ ቪፒ 44 ነው። ይህ ፖምፓ የሚለሰልሰውም፣ በላዩ ያለው ኤሌክትሮኒክስ የሚቀዘቅዘውም በሚያልፍበት ናፍታ ነው። መጋቢው የኤሌክትሪክ ፖምፓ ደግሞ ከሰልባትዮው ርቆ ሞተሩ ላይ ነበር የታሰረው። የኤሌክትሪክ ፖምፓ ከሩቅ መሳብ አይወድም፤ ከቅርብ ተቀብሎ መግፋት ነው የሚያውቅበት። ስለዚህ መጋቢው እየደከመ ሲሄድ ቪፒ 44 ራሱ እየሳበ ለጊዜው መኪናውን ያስኬደዋል። ሾፌሩ ምንም አያውቅም። በመጨረሻ ርካሹ መጋቢ ውዱን ፖምፓ ይዞት ይሞታል። ባለቤቶቹ ከዚህ የተማሩት ሁለት ነገር ነው። አንደኛ የግፊት ጌጅ ሾፌሩ ፊት እንዲቀመጥ ማድረግ፣ ሁለተኛ መጋቢውን ወደ ሰልባትዮው አጠገብ ማዛወር ነው። በብዙዎቹ ላይ አንድ ደህና መጋቢ በትክክለኛው ቦታ ሲቀመጥ በቃ። ሁለት አላስፈለገም።

ጄኔራል ሞተርስ በእ.ኤ.አ. 2001 ያወጣው ዱራማክስ ሞተር ደግሞ ከነጭራሹ መጋቢ ፖምፓ አልነበረውም። ሲፒ 3 የሚባለው የቦሽ ከፍተኛ ግፊት ፖምፓ ራሱ ከሰልባትዮ ይስብ ነበር። በፋብሪካው ጉልበት ይህ ይሠራል። ጉልበቱን የጨመሩት ግን መጋቢ መጨመር ግድ ሆነባቸው።

ሁለት ከፍተኛ ግፊት ፖምፓ የሚገጠመውስ መቼ ነው? ኖዝሎቹ በትልቅ ተለውጠው፣ ተርቦው አድጎ፣ ሞተሩ ከፋብሪካው መጠን እጅግ በላይ ናፍታ ሲያቃጥል ነው። በእነዚህ ሞተሮች ናፍታው ለሁሉም ኖዝል በጋራ በሚያጠራቅም ወፍራም ብረት ቱቦ ውስጥ በ1,600 ባር ገደማ ይቀመጣል። ፔዳሉ ሲረገጥ ይህ ግፊት ኮምፒዩተሩ ካዘዘው በታች እየወረደ መሆኑ በመመርመሪያ መሣሪያ ከታየ፣ ኖዝሎቹም ወደ መመለሻ የሚያፈሱ አለመሆናቸው ከተረጋገጠ፣ ያኔ በቺንጋ የሚዞር ሁለተኛ ሲፒ 3 ይጨመራል። እሱም ቢሆን መጀመሪያ መጋቢው ለሁለቱ የሚበቃ ሲሆን ነው። የሚያቀርብለት ሳይኖር የሚገፋ መጨመር ቀደም ብዬ እንዳልኩት የደረቁ መስመር ላይ ፖምፓ መደርደር ነው።

6. ሁለት መጋቢ በእውነት ካስፈለገ

ጉልበቱ ያደገ መኪና ያለው፣ ወይም ረጅም በረሃ ስለሚሄድ አንዱ ቢሞት ሌላው ያድርሰኝ የሚል ሰው ሁለት መጋቢ ቢገጥም ምክንያት አለው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይባል የለ? ነገር ግን አስተባበሩ ራሱ ሥርዓት አለው።

ሁለቱ ጎን ለጎን ሲገጠሙ፣ ማለትም እያንዳንዱ በራሱ ስቦ መውጫቸው ሲገናኝ፣ የሚደመረው ብዛቱ ነው። አንዱ በሰዓት 150 ሌላውም 150 ቢሰጥ ወደ 300 ይጠጋል። ተከታትለው ሲገጠሙ፣ ማለትም የአንዱ መውጫ የሌላው መግቢያ ሲሆን፣ የሚደመረው ግፊቱ ነው፤ ብዛቱ አይጨምርም። ብዛት ፈልጎ ተከታትሎ የሚገጥም ሰው ገንዘቡን ጣለ።

ጎን ለጎን ሲሆኑ በእያንዳንዱ መውጫ ላይ ወደ ኋላ የማይመልስ ቫልቭ ያስፈልጋል። ይህ ከሌለ አንዱ በሞተ ጊዜ ደህናው ያመጣውን ናፍታ በሞተው በኩል መልሶ ወደ ሰልባትዮ ያፈሰዋል። ለመጠባበቂያ የተገዛው ፖምፓ መንገድ ላይ ያስቀራችኋል ማለት ነው። የመሳቢያ ቱቦውም ለሁለቱ የሚበቃ ወፍራም ይሁን፤ ቢቻል ለየብቻቸው ይሁን።

ናፍታው ሲበዛ የመመለሻ መንገዱም አብሮ መስፋት አለበት፤ ግፊት መወሰኛም ይገባል። ያለዚያ ግፊቱ ከልክ ያልፋል። የግፊት መብዛትም እንደ ማነሱ ገዳይ ነው። በአንዳንድ ኢንጄክሽን ፖምፓ ላይ የዘንጉን ጎሚኒ ገፍቶ ናፍታው ወደ ሞተር ዘይት ይገባል። ዘይቱ ይቀጥናል፣ ኩሽኔታዎቹ ይበላሉ። ዘይት መለኪያው ላይ ዘይት «ጨምሮ» ካያችሁና ናፍታ ናፍታ ከሸተታችሁ ሞተሩን አታስነሡ።

ናፍታ እየዞረ ሲመላለስ ይሞቃል፤ ሲሞቅም ይቀጥናል። አፋር ላይ አየሩ ራሱ ከ40 ዲግሪ በላይ የሚሆንበት ወቅት አለ። ስለዚህ ሁለተኛው ፖምፓ ሁልጊዜ ከሚዞር ጭነት ሲመጣ ብቻ ቢነሣ የተሻለ ነው።

ባለ ቤንዚን መኪና ያላችሁ አንድ ነገር ያዙ። የናፍታ ሞተር ነዳጅ ሲያንሰው ይደክማል እንጂ ወዲያው አይሞትም። ተርቦ ያለው የቤንዚን ሞተር ግን በሙሉ ጉልበት ላይ እያለ ከሁለቱ ፖምፓ አንዱ ቢቆም ቃጠሎው ይግልና ፒስተን ሊያቀልጥ ይችላል። እዚያ ላይ ማስጠንቀቂያ መብራት የግድ ነው።

7. ኤሌክትሪኩ

ከባድ መኪኖቻችን 24 ቮልት ናቸው። ፒክ አፖቹና ትንንሾቹ አብዛኞቹ 12 ቮልት ናቸው። ባለ 12 ቮልት ፖምፓ 24 ላይ ቢገጠም ይቃጠላል፤ ባለ 24ቱ 12 ላይ ቢገጠም ይልፈሰፈሳል። ካርቶኑን ሳይሆን ፖምፓው ላይ የተጻፈውን አንብቡ።

ሽቦው ቀጭን አይሁን። ከባትሪ እስከ ፖምፓ 6 ሜትር ርቀት ቢኖርና ፖምፓው 10 አምፔር ቢስብ፣ በ1 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ላይ 1 ቮልት ያህል መንገድ ላይ ይቀራል። በ2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ግን የሚቀረው ከግማሽ ቮልት በታች ነው። ባለ 12 ቮልት ፖምፓ 1 ቮልት ሲጎድልበት የሚያወጣው ናፍታ ይቀንሳል። ፖምፓው ተወቅሶ የሚለወጠው ስንት ጊዜ በሽቦ ጥፋት እንደ ሆነ እኔ ነኝ የማውቀው! መሬቱም፣ ማለትም ሻንሲው ላይ የሚታሰረው ሽቦ፣ ቀለሙ ተፍቆ ንጹሕ ብረት ላይ ይታሰር።

እያንዳንዱ ፖምፓ የራሱ ፊውዝና የራሱ ሪሌይ ይኑረው። ሁለቱ በአንድ ፊውዝ ከታሰሩ ያ ፊውዝ ሲበጠስ ሁለቱም ይሞታሉ፤ ታዲያ ሁለት መሆናቸው ለምን ጠቀመ? ለእያንዳንዱም ሾፌሩ ፊት አንድ ትንሽ መብራት ይደረግለት።

አሁን የምለውን በተለይ አዳምጡኝ። ሞተሩ ሲቆም ፖምፓው መቆም አለበት። በሞተሩ የሚዞረው የድሮው መጋቢ ሞተሩ ሲቆም አብሮ ይቆማል። የኤሌክትሪኩ ግን ቁልፉ እስከ በራ ድረስ ይገፋል። መኪና ተገልብጦ፣ ቱቦ ተበጥሶ፣ ሾፌሩ ውስጥ ተይዞ ፖምፓው ናፍታ ሲያፈስ አስቡት። ስለዚህ የፖምፓው ሪሌይ የዘይት ግፊት ሲጠፋ እንዲያጠፋው ሆኖ ይታሰር። ፎርድ በብዙ መኪኖቹ ላይ ለዓመታት ግጭት ሲደርስ ራሱ ፖምፓውን የሚያጠፋ መሣሪያ ያስገባ ነበር። ከሁሉም በላይ ሾፌሩም ረዳቱም እጃቸው የሚደርስበት አንድ ዋና ማጥፊያ ይኑር።

8. እሳትና ቆዳ

«ናፍታ እንደ ቤንዚን አይነድም» እየተባለ የሚደረግ ቸልተኝነት አለ። በሰሃን ላይ ላለ ቀዝቃዛ ናፍታ እውነት ሊሆን ይችላል። በተሰነጠቀ ቱቦ በግፊት የተረጨ ናፍታ ግን ሌላ ነገር ነው። ዳገት ላይ የጋለ ተርቦ ላይ ካረፈ ያለ ክብሪት ይነሣል። ስለዚህ አዲስ ቱቦ ስታስገቡ ከተርቦና ከጭስ መውጫ አርቁት፣ ሻንሲው ላይ እንዳይፋተግ ሽፋን አድርጉለት፣ ለናፍታ የተሠራ ቱቦ ግዙ። የውኃ ቱቦ ለናፍታ አይሆንም፤ በውስጥ በኩል ይላላጣል። በሽቦ ጠምዝዞ ማሰርም ይቅር፤ ትክክለኛውን ማሰሪያ በቡሎን አጥብቁ። ገጥማችሁ ስትጨርሱ ፖምፓውን ብቻ አስነሥታችሁ እያንዳንዱን መጋጠሚያ በደረቅ ጨርቅ እየጠረጋችሁ እዩ። በመጀመሪያው ጉዞ 50 ኪሎ ሜትር ሄዳችሁ ቁሙና እንደገና እዩ።

ወጣት ረዳቶች ይህን ያዙልኝ። ከኢንጄክሽን ፖምፓ እስከ ኖዝል ባለው ቀጭን ብረት ቱቦ ላይ የሚያፈስ ነገር ካለ በጭራሽ በእጃችሁ አትፈልጉ። 1,600 ባር ማለት በከባድ መኪና ጎማ ውስጥ ካለው ግፊት 200 ጊዜ ያህል ነው። ዓይን የማያየው ቀጭን ጨረር ሆኖ ጓንትንም ቆዳንም ይበሳል። ከላይ ሲታይ የመርፌ ጫፍ ያህል ነው፤ ብዙም ላያም ይችላል። ውስጥ የገባው ናፍታ ግን ሥጋውን እየገደለ ይሄዳል። ይህ የደረሰበት ሰው «ትንሽ ነው» ሳይል በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ሄዶ «በግፊት ናፍታ ገባብኝ» ብሎ መናገር አለበት። ያደረ ሰው ጣቱን፣ አንዳንዴም እጁን ያጣል። ማፍሰሱን ለማየት ካርቶን ይያዝ። ሞተሩ እንደ ጠፋም ወዲያው አይፈታ፤ ግፊቱ እስኪወርድ ይጠበቅ።

9. ማጠቃለያና አንድ ሐሳብ

የተናገርኩትን ላጠቃልል። የትኛው ፖምፓ እንደ ሆነ ለዩ። የሚያስፈልገውን ናፍታ አስሉ። ክዳን፣ ፊልትሮ፣ አየር፣ ጌጅ በሚለው ተራ መርምሩ። ሁለተኛ ፖምፓ ጉልበቱ ላደገ ሞተር ወይም ለመጠባበቂያ ብቻ ነው። ከተገጠመም ቫልቩ፣ መመለሻው፣ ሽቦውና ማጥፊያው ሳይጓደል ይገጠም። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደ ተባለው፣ ጭነት ይጠብቃል ተብሎ በአንድ ሌሊት የተገጠመ ነገር በበረሃ መሀል ይፈታል።

መካኒክም ስታነጋግሩ ሦስት ነገር ጠይቁ። «ግፊቱ ስንት ነው? የት ላይ ለካኸው? ተጭኖ ነው ወይስ ባዶውን?» ይህንን ለመጠየቅ መካኒክ መሆን አያስፈልግም። በመኪናው ላይ ድርሻ ያላችሁ እናቶችም ብትጠይቁ መልስ ይገባችኋል።

በመጨረሻ አንድ ሐሳብ ለጉባኤው አቀርባለሁ። እድራችን ድንኳን አለው፣ ወንበርና ብረት ድስት አለው። አባል ሐዘን ሲደርስበት ከመጋዘን ወጥቶ ይሰጠዋል፣ ተመልሶም ይቆጠራል። በዚያው መጋዘን ውስጥ አንድ የግፊት ጌጅ፣ አንድ የመሳብ ጌጅ፣ የሚያሳይ ቱቦና ሁለት የእሳት ማጥፊያ ቢቀመጥና መኪና ያላቸው አባላት በፊርማ እየወሰዱ ቢመልሱ ምን ይመስላችኋል? ወጪው ለሁላችን ሲካፈል ከባድ አይሆንም። አጠቃቀሙን እኔና ሌሎች የሙያ ባልደረቦቼ ያለ ክፍያ እናሳያለን። እድራችን እስካሁን የሚደርሰው ከሞት በኋላ ነው፤ ሥራውም እሱ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ለማለት ግን የሚከለክለን ደንብ ያለ አይመስለኝም። ኮሚቴው መርምሮ በሚቀጥለው ስብሰባ ውሳኔውን ቢያሳውቀን ደስ ይለኛል።

በመንገድ ላይ ያሉትን ሁሉ በሰላም ይመልስልን።